የእድምተኛው ማደሪያ

ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ሰርግ የሚደግስ ቤተሰብ ከጥሪው ካርድ ጋር አንዲት ወረቀት ይልካል። ወረቀቷ ስለ ሙሽሮቹ አትናገርም። እድምተኛው ከአየር ማረፊያ በየትኛው ባቡር እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያድር፣ በሰርጉ ዋዜማ የት ምሳ እንደሚበላ፣ ጊዜ ከተረፈው ከተማው ውስጥ ምን ቢያይ እንደሚሻል ትነግረዋለች። ብዙ ሰው ይህችን ወረቀት ሆቴልና ጉብኝት የወለዷት አዲስ ልማድ አድርጎ ይቆጥራታል። ለእኔ ግን ወረቀቷ በጣም ያረጀ ግዴታ ቅሪት ናት። ድሮ ደጋሹ እንግዳውን ራሱ ያሳድር፣ ራሱ ያበላ፣ መንገዱንም በራሱ ሰው ያስመራ ነበር፤ ያ ሁሉ ሥራ ከጊዜ ብዛት ወደ ምክር ተቀየረ። ምክሩ ከምን እንደተረፈ ያወቀ ደጋሽ የተሻለ ምክር ይጽፋል፤ ያወቀ እንግዳም ከተማውን በሌላ ዓይን ያያል። ለዚህ ክርክር በደቡብ ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ ካለችው ከላንድስሁት የተሻለ ምስክር የለም፤ ስሟ ዛሬም ከ1475ቱ ሰርግ ጋር ተያይዞ ይነሳልና። (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላንድስሁት በኢዛር ወንዝ ዳር በ1204 የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ባቫሪያ በአንድ የገዥ ቤተሰብ፣ በቪተልስባኾች ቅርንጫፎች ተከፋፍላ ነበር፤ አንደኛው ቅርንጫፍ ሙኒክ ላይ፣ ሌላኛው ላንድስሁት ላይ ተቀምጦ ይገዛ ነበር። የላንድስሁቶቹ ሦስት መሳፍንት፣ አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ፣ ተከታትለው «ሀብታሙ» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል። ከእነዚህ ሁለተኛው፣ ሉድቪግ 9ኛ፣ ልጁን ጌኦርግን ለመዳር ዓይኑን የጣለው ሩቅ፣ በፖላንዱ ንጉሥ በካዚሚየርዝ 4ኛ ቤት ላይ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ቱርኮች እየገፉ በነበረበት ዘመን ከፖላንድ ንጉሥ ጋር መዛመድ ትልቅ ዋስትና ነው። በ1474 መጨረሻ በፖላንዷ ራዶም ከተማ ውል ተፈጸመ። የንጉሡ ልጅ ሄድቪግ፣ ፖላንዶች ያድቪጋ የሚሏት፣ በሰርጉ ጊዜ 18 ዓመቷ ነበር፤ ጌኦርግ 20። ከሙሽራዋ ወገን እንዲከፈል የተስማሙበት ገንዘብ 32,000 ጉልደን ነበር። ይህ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ሙሽራዋ ከክራኮቭ ተነስታ በፖዝናን፣ በበርሊንና በቪተንበርግ በኩል ሁለት ወር ገደማ ተጓዘች። የሙሽራው ወገን በሩ ላይ ቆሞ አልጠበቃትም፤ መልእክተኞቹ ቪተንበርግ ድረስ ሄደው ተቀበሏት። ኅዳር 14 ቀን 1475 ላንድስሁት ስትደርስ ደግሞ ከከተማዋ ውጭ ባለው መስክ ላይ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪክ 3ኛ፣ ልጁ ማክሲሚሊያንና የጀርመን መሳፍንት ወጥተው ጠበቋት። የመንገድ ምክር የምንለው ነገር መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ነበር። እንግዳው እንዳይጠፋ፣ ተዋርዶ እንዳይገባ ደጋሹ እስከ ደረሰበት ድረስ ሰው ይልካል። በእኛ ቤተ መንግሥት የአጋፋሪን ሥራ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይርቀውም። አጋፋሪ እንግዳ ተቀብሎ፣ ማዕረጉን ለይቶ፣ የሚገባው ቦታ ላይ የሚያደርስ ሹም ነው፤ ላንድስሁት ያን ጊዜ የሆነችው በቅጥር የታጠረ አንድ ትልቅ የአጋፋሪ ደጅ ነበር።

ሰርጉን የታደመው ሰው ወደ 10,000 ይገመታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ፣ ፈረሱንና አሽከሩን አስከትሎ፣ ሆቴል በሌለበት ዘመን፣ በኅዳር ብርድ መጠለል ነበረበት። ኮረብታው ላይ ያለው የትራውስኒትስ ግንብ ይህን ሕዝብ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የከተማው ነጋዴዎችና ባለጸጎች ቤቶች የመሳፍንት ማደሪያ ሆኑ። የንጉሥ ልጅ የሆነችው ሙሽራ ራሷ ያረፈችው ከግንቡ ይልቅ በዋናው ጎዳና ላይ፣ ዛሬ የግራስበርገር ቤት ተብሎ በሚታወቀው የከተሜ ቤት ነው። ቤቱ አሁንም አለ። ልዕልት በነጋዴ ቤት ማደሯ ከተማዋ ጠባብ ስለነበረች ብቻ አልነበረም፤ ሰርጉ የመስፍኑ ብቻ ሳይሆን የከተማዋም እንዲሆን ያደረገው ዋናው ነገር ይህ ነው። እንግዳ አሳድሮ የሸኘ ቤት የድግሱ ባለቤት ይሆናል።

ስለ ምግቡ የምናውቀውን የጻፈልን ሃንስ ዛይቦልት የሚባል የገዳም ጸሐፊ ነው። በከተማዋ ባለው በዘሊገንታል የሴቶች ገዳም ያገለግል ነበር፤ መዝገቡን ያሰናዳው በ1482፣ ከሰርጉ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። በእሱ ቁጥር መሠረት 323 ሰንጋ፣ 285 አሳማ፣ 1,133 የሃንጋሪ በግ፣ 490 ጥጃ፣ 11,500 ዝይና 40,000 ዶሮ ታርዷል። ወቅቱ በዚያ አገር ዝይ የሚታረድበት፣ የቅዱስ ማርቲን በዓል በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። የእኔን ዓይን የሚይዘው ግን ሰንጋውም ዝይውም አይደለም፤ እንቁላሉ ነው። ዛይቦልት 194,345 እንቁላል ይላል። ቁጥሩን ወደ 200,000 አጠጋግቶ ቢጽፍ ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ ለዝና ደግሞ የተሻለ ይሆንለት ነበር። እሱ ግን እስከ መጨረሻዋ አምስት እንቁላል ድረስ ወረደ። ከዚህች አምስት ጀርባ በቅርጫት የመጣውን እየተቀበለ፣ የተሰበረውን እየለየ፣ ለወጥ ቤቱ እያስረከበ፣ በወረቀት ላይ እያሰፈረ የዋለ ሰው አለ። እንቁላሉ ለአንድ እድምተኛ 19 ገደማ ይደርሳል፤ ለአንድ ሳምንት ድግስ፣ ዳቦውና ኬኩ፣ መረቁም ሁሉ ታስቦ፣ የማይታመን መጠን አይደለም። 146 ወጥ ሠሪዎች እንደነበሩም ይነገራል። በበዓሉ ቀናት ነዋሪውም እንግዳውም ከመስፍኑ ማዕድ እንዲበላ ታዝዞ፣ በከተማዋ መሸጥ ተከለከለ። ጠቅላላ ወጪው 60,766 ጉልደን ሆነ፤ ሙሽራዋ ይዛው ትመጣለች ከተባለው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ትርፍ የሚያሰላ ሰው እንዲህ አይደግስም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚነሳው ከዚሁ መዝገብ ላይ ነው። ዛይቦልት የመስፍኑ ግዛት ሰው ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ጽፏል፤ የጌቶቹን ክብር ለማግነን ቁጥር ያሳደገ ቢሆንስ? ሊሆን ይችላል፤ የድግስ ቁጥር በየትም አገር ሲነገር እያደገ ይሄዳል። ነገር ግን ለክብር የሚጻፍ ጽሑፍ የሚያተኩረው የማን ልብስ እንደደመቀ፣ ማን በጦር ግጥሚያ ማንን እንደጣለ ላይ ነው። ይህም አልቀረም፤ በጎዳናው ላይ ግጥሚያ ነበረ፣ የሙኒኩ መስፍን ክሪስቶፍ አንድ ፖላንዳዊ ባላባት መግጠሙ እስከ ዛሬ ይወራል። ከዚያ ጎን ግን እንቁላልና ጥጃ ተቆጥሮ መጻፉ የሚያሳየው ሌላ ኩራት ነው፤ የመጋቢ ኩራት። ቁጥሩ ውስጥ ውሸት ቢኖርበት እንኳ የውሸቱ ዓይነት ራሱ ማስረጃ ነው። ሰው የሚያጋንነው የሚያኮራውን ነው፤ በዚያ ዘመን ደጋሽን ያኮራው ደግሞ የመጣው ሁሉ መጥገቡ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ይህ ሁሉ እንግዳ ተቀባይነት ሳይሆን ሥልጣን ነው ይላል። መስፍኑ ለንጉሠ ነገሥቱና ለተቀናቃኞቹ ጉልበቱን አሳየ፤ ከተሜው ቤቱን የለቀቀው ወድዶ ሳይሆን ታዝዞ ነው፤ ግምጃ ቤቱን የሞላው ገበሬ ደግሞ ከዝይው አጥንት አልደረሰውም። በእኛ ታሪክ ወታደር ባላገር ቤት ሲመራ የነበረውን መከራ፣ ለንጉሥ እንግዳ የሚታዘዘው ድርጎ ከማን ጎተራ ይወጣ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም፤ እኔም አላልፈውም። ገበሬውን በተመለከተ እውነት ነው፤ የመሳፍንቱ ሀብት ከእርሻውና ከቀረጡ የተሰበሰበ ነው። ከተሜውን በተመለከተ ግን ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል። ሺህ እንግዳ በላይ በላዩ በሚገባበት ትንሽ ከተማ መጀመሪያ የሚሆነው የዋጋ መናር ነው፤ ዳቦው፣ ገለባው፣ ማደሪያው በአንድ ሌሊት ይወደዳል፤ የሚጎዳውም ከመሳፍንቱ በፊት ድሃው ነዋሪ ነው። ሽያጭ ተከልክሎ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ሲበላ ያ አደጋ ይቀራል። ድርጎ ሸክሙን መንገድ ላይ ላለው ባላገር ይጥላል፤ የላንድስሁቱ ትእዛዝ ቢያንስ በከተማዋ ቅጥር ውስጥ ሸክሙን ለደጋሹ መልሶ ሰጥቷል። መስፍኑ ይህን ያደረገው ለስሙም ሊሆን ይችላል። ስሙ የተመረኮዘው ግን ጎረቤቱ ባለመጎዳቱ ላይ ነበር፤ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ዛሬ በሰርግ ሰሞን የሆቴል ዋጋ ሲሰቀል ደጋሹ አስቀድሞ ክፍሎችን በቁርጥ ዋጋ ሲይዝ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በአነስተኛ መጠን፣ ያለ አዋጅ።

እንግዲህ ግዴታው እንዴት ወደ ወረቀት ተለወጠ? ላንድስሁት ላይ መልሱ በኀዘን ይጀምራል። ጌኦርግ ወንድ ልጅ ሳይተካ በ1503 ሞተ። ግዛቱን ለልጁ ለኤልሳቤጥና ለባሏ መናዘዙ ከዘመዶቹ ጋር ደም አፋሰሰ፤ ከ1504 እስከ 1505 በተደረገው ጦርነት የላንድስሁት መስፍንነት አከተመ፣ ሥልጣኑም ወደ ሙኒክ ሄደ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መስፍን ሉድቪግ 10ኛ ከወንድሙ ጋር እየገዛ ላንድስሁት ላይ ተቀምጦ ከ1536 እስከ 1543 በጣሊያን አሠራር የከተማ ቤተ መንግሥት ቢያስገነባም፣ ከዚያ በኋላ ከተማዋ ዳግመኛ ዋና መናገሻ አልሆነችም። ደጋሽ ያጣች ከተማ ሆነች። ቤቶቿም በብዛት በነበሩበት የቀሩት ማፍረሻና ማሠሪያ ገንዘብ ወደ ሌላ ስለሄደ ነው ብል ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም። በ1858 ከሙኒክ የባቡር ሐዲድ ደረሰላት። በዚያው ክፍለ ዘመን በጀርመን የካርል ቤደከር፣ በእንግሊዝ የጆን መሪ የመንገደኛ መጻሕፍት ተስፋፍተው ነበር፤ ከየትኛው ጣቢያ ውረድ፣ የት እደር፣ ምን ሳታይ አትለፍ የሚሉ፣ ሰው በኪሱ ይዟቸው የሚዞር መጻሕፍት። ቤደከር በኮከብ ምልክት የሚደነቀውን ከማይደነቀው መለየት ጀመረ። እንግዳው ከዚያ ወዲህ የማንም እድምተኛ አልነበረም፤ ገንዘብ የያዘ መንገደኛ ሆነ። የሚያስተናግደው ሰው ስለሌለ መጽሐፉ አስተናገደው። የዛሬዋ የሰርግ ወረቀት ከዚህ መጽሐፍ መልኳን ወስዳለች፤ ነፍሷን ግን አልወሰደችም፤ ምክንያቱም የምትጻፈው ለማይታወቅ መንገደኛ ሳይሆን በስሙ ለተጠራ ሰው ነው።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ የላንድስሁት ማዘጋጃ ቤት በታላቁ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የ1475ቱን ሰርግ በትልልቅ ሥዕሎች አሳለ። ሥዕሎቹን አይተው ይህን ነገር ለምን በሰው አናሳየውም ያሉት ሁለት የከተማዋ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እንግዳ ማረፊያ ያለው ጌኦርግ ቲፐል፣ ሁለተኛው የደረቅ ዳቦ ፋብሪካ ባለቤት ዮሴፍ ሊንብሩነር። በ1902 ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1903 የመጀመሪያው ትርኢት ቀረበ። ዛሬ በየአራት ዓመቱ ከ2,000 በላይ ነዋሪ የ15ኛውን ክፍለ ዘመን ልብስ ለብሶ በጎዳናው ያልፋል፤ በወረርሽኙ ምክንያት ከ2021 ተላልፎ በ2023 ተከብሯል፤ በ2018 ደግሞ በጀርመን የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። እዚህ ላይ ሦስተኛው ተቃውሞ ይመጣል፦ ይህ የ1475 ትውስታ ሳይሆን የ1903 ፈጠራ፣ አንድ ባለ ማረፊያና አንድ ዳቦ ሻጭ ለገበያ ያሰቡት ነው። መነሻው ላይ ተቃውሞው ልክ ነው፤ በሁለቱ ዘመናት መካከል ከ400 ዓመት በላይ ክፍተት አለ። ሆኖም ሐሳቡ ከአሳዳሪና ከአብሳይ መምጣቱን እንደ ነውር አላየውም። በ1475 ሰርጉን የተሸከሙት እነማን ነበሩ? ያሳደሩና ያበሰሉ። ከዚያ ወዲህ ያደገውም ከገበያ ያለፈ ሆኗል፤ ወንዶቹ ሰው ሠራሽ ፀጉር መልበስ ክልክል ስለሆነ ከበዓሉ ከብዙ ወር በፊት ፀጉራቸውን ማሳደግ ይጀምራሉ። በቢሮና በትምህርት ቤት፣ በገበያም ረጅም ፀጉር ያላቸው ወንዶች ሲበዙ የከተማው ሰው ሰርግ መቃረቡን ያውቃል። እንግዳ ለመቀበል ሰውነቱን ያዘጋጀ ሕዝብ ልማዱን ተውሶታል ለማለት ይከብዳል።

ታዲያ ወደዚያ አካባቢ ለሰርግ የሚሄድ ሰው ምን ይመከር? ጀርመን በሚኖሩ ወገኖቻችን ሰርግ ላይ ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም የሚመጣው እንግዳ አሁንም «አንተ እነ እገሌ ጋ ታድራለህ» እየተባለ በዘመድ ቤት ይከፋፈላል፤ በዚህ በኩል እኛ ለ1475 ቅርብ ነን። ሙኒክ ለሰርግ የደረሰ እንግዳ አንድ ትርፍ ቀን ካለው ወደ ላንድስሁት ይምጣና ጉዞውን እንደ ሙሽራዋ አጀብ በእግር ያድርግ። ከባቡር ጣቢያው ኢዛርን ተሻግሮ በመንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ አልትሽታት ይግባ። አልትሽታት ማለት «አሮጌ ከተማ» ማለት ቢሆንም ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ አንድ ጎዳና ነው፤ ከግራና ቀኝ ባለ ሹል ግንባር ቤቶች፣ በስተመጨረሻ ደግሞ የቅዱስ ማርቲን ግንብ። መንገዱ ስለሚታጠፍ ጫፉ ወዲያው አይታይም፤ ትይዩ ያሉት ቤቶች አንድ በአንድ እየተገለጡ ይመጣሉ። በፈረስ ቀስ እያሉ የገቡ ሰዎች ያዩት እንዲህ ነበር፤ በመኪና ከኋላ ለሚገባ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይታየውም። የቅዱስ ማርቲን ደወል ቤት 130 ሜትር ይረዝማል፤ በዓለም ላይ በጡብ ከተሠሩት የቤተ ክርስቲያን ግንቦች የሚበልጠው የለም። የ1475 እድምተኞች ግን ይህን አላዩም። ግንቡ ያለቀው በ1500 ገደማ ነው፤ የሳልዝቡርጉ ሊቀ ጳጳስ ጌኦርግንና ሄድቪግን ሲያጋባ ሥራው ገና አላለቀም ነበር። በዚያ ሰርግ ላይ የነበረ ንጉሠ ነገሥት ያላየውን የዛሬ እንግዳ ያያል።

ከዚያ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሥዕሎቹን አይቶ፣ ትይዩ ያለውን የጣሊያን ዓይነት ግቢ አይቶ፣ «የበሬ ፒያኖ» የሚባለውን ደረጃ ተከትሎ ወደ ትራውስኒትስ ይውጣ። ደረጃው ሰፋፊና አጫጭር ነው። ላዩ ሲደረስ መላው ከተማ ከእግር በታች ይዘረጋል፤ እዚያ ላይ ቆሞ 10,000 ሰው ከነፈረሱ የት ሊያድር ይችል እንደነበር በዓይን መለካት ከማንኛውም ሙዚየም የበለጠ ያስተምራል። ወደ ሙኒክ ሲመለስ ደግሞ ማሪየንፕላትስ ላይ ረፋድ 11 ሰዓት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ማለት ነው፣ በአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ግንብ ላይ የሚሽከረከሩትን አሻንጉሊቶች ቀና ብሎ ይመልከት። 43 ደወሎች ሲደወሉ 32 ምስሎች ይዞራሉ። በላይኛው እርከን ላይ የሚታየው በ1568 የመስፍን ቪልሄልም 5ኛና የሎሬኗ ሬናታ ሰርግ ነው፤ ነጭና ሰማያዊ የለበሰው የባቫሪያ ፈረሰኛ የሎሬኑን ይጥላል። በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ሰው አንገቱን አንጋጦ ያያል፤ ብዙው የሰርግ እድምተኛ ሆኖ እንደቆመ ሳያውቅ ይበተናል። ይህን አንድ መስመር ወረቀቱ ላይ የጻፈ ደጋሽ ለእንግዳው ከምግብ ቤት ስም የበለጠ ሰጥቶታል።

አንድ ቀን የሚጨመርለት ሰው ካለ ቡርግሃውዘንን አልንፈገውም። ከላንድስሁት ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ የኦስትሪያ ድንበር በሆነው በዛልጻኽ ወንዝ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ግንቧ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ሄድቪግ ከሰርጉ በኋላ አብዛኛውን ዕድሜዋን የኖረችው እዚያ ነው። የኋላ ዘመን ተራኪዎች ባሏ አግዟት ነው ይላሉ፤ ቡርግሃውዘን ግን የላንድስሁት መሳፍንት ሚስቶችና ልጆች በወግ የሚቀመጡበት ሁለተኛ መኖሪያቸው ስለነበረ ይህን ለማመን እቸገራለሁ። በ1475 ከመጡት እንግዶች ሁሉ ወደ አገሯ ያልተመለሰችው እሷ ናት። ንጉሠ ነገሥቱም፣ የፖላንድ ፈረሰኞችም ድግሱ ሲያልቅ ፈረሳቸውን ጭነው ሄዱ፤ እሷ ግን 26 ዓመት ቆይታ በየካቲት 1502 አረፈች። የተቀበረችው ከቡርግሃውዘን ብዙ በማይርቀው በራይተንሃስላኽ ገዳም፣ በዚያው ወንዝ ዳር ነው።